ምዕራፍ አራት፦ እስቲ ጨው ቅመስልኝ

በቅዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በየትኛውም ሰፈር ብታልፉ አየሩ የሽንኩርት ነው። ከጓሮ ማዕድ ቤት ይውጣ፣ ከኮንዶሚኒየም ኮሪደር ወይም ከቪላ መስኮት፣ ሽታው አንድ ነው። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ተከትፎ ድስት ሙሉ ተጥዷል፤ ማታ ላይ ግን ከድስቱ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ዶሮዋ በየብልቷ ተገንጥላ፣ በሎሚና በጨው ታሽታ፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማ ታጥባ ተራዋን ትጠብቃለች። ወጡ የሚቀርበው ሌሊት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዶሮ ሲጮህ ነው።

ይህን ወጥ የምትሠራው ሴት ግን ጾመኛ ናት። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አልነካችም። አክፋይ ከሆነችማ ከዓርብ ጀምሮ እህል ውሃ በአፏ አልዞረም። በባዶ ሆዷ ለሰዓታት ድስቱ ላይ ቆማ ዓመት የተጠበቀውን ወጥ ከሀ እስከ ፐ ትሠራለች፤ አንዲት ጠብታ ግን አትቀምስም። ሌሊት መሶቡ ሲከፈት ጨዉ ልክ ነው፣ በርበሬው በስሏል፣ ቅመሙ አልበዛም አላነሰም። በላተኛውም ‹‹እጅሽን ቁርጥማት አይንካው›› ይላል።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ለረጅም ጊዜ ምንም አልገረመኝም። የገረመኝ ሌሎች የሚሠሩበትን መንገድ ካየሁ በኋላ ነው። በትልልቅ ሆቴሎች ማዕድ ቤት የሚሠሩ ሼፎች ማንኪያ ከኪሳቸው አይለይም፤ ሾርባው ሲጣድ ይቀምሳሉ፣ ሲፈላ ይቀምሳሉ፣ ሲወርድ ይቀምሳሉ። ተማሪ ሲገባም ደጋግመው የሚነግሩት ይህንኑ ነው፦ ቅመስ። የኛዋ ባለሙያ ይህን ሁሉ የምትሠራው ምላሷን ቆልፋ ነው።

ሰው ምግብ ማብሰልን እንዴት ይወዳል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ‹‹መብላት ስለሚወድ›› የሚል ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ አስብ ነበር። የቅዳም ስዑር ድስት ግን ይህን መልስ አይቀበለውም። እዚያ ማዕድ ቤት ውስጥ የምትቆም ሴት ፊት ላይ የሚታየው የሆድ ጉጉት አይደለም። ከምላስ ውጭ የሆነ፣ በእጅና በዓይን በጆሮም የሚኖር ሌላ ደስታ አለ። ይህ ምዕራፍ እሱን ይፈልጋል።

ድስቱ የሚናገረው

በቁሌቱ እንጀምር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ሽንኩርት ከክብደቱ ከመቶ 89 ያህሉ ውሃ ነው። ዶሮ ወጥ የሚያውቁ እናቶች የተከተፈውን ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ ደረቅ ድስት ላይ ይጥሉታል። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይበስላል። ውሃ ደግሞ ሙቀት የሚያስር ልጓም ነው፤ ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሽንኩርቱ ከመፍያ ነጥብ በላይ አይግልም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቁሌት የሚጠቁርበትና ያን ጣፋጭ፣ ጥብስ ጥብስ የሚል መዓዛ የሚያወጣበት ሂደት ግን ከዚህ እጅግ የላቀ ሙቀት ይፈልጋል። ስኳርና የፕሮቲን ቅንጣቶች በግለት ተገናኝተው በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ የሽታ ውሁዶች ይፈጥራሉ። ሂደቱ ስሙን ያገኘው በ1912 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ከገለጸው ፈረንሳዊ ኬሚስት ከሉዊ ካሚል ማያር ነው። ፍጥነቱን የሚያገኘው 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ቁሌት ላይ የቆመ ሰው የሚጠብቀው አንድ ቅጽበት አለ፦ ውሃው የሚያልቅበትን። ያ ቅጽበት ደግሞ መጀመሪያ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ውሃ እያለ ድስቱ ይንተከተካል፤ ድምፁ ወፍራምና የታፈነ ነው። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀጥንና ችስስ ማለት ይጀምራል። ያኔ ባለሙያዋ ጠብታ ውሃ ጣል ታደርጋለች፤ ድስቱ ይረጋጋል፤ እንደገና ይደርቃል፤ እንደገና ጠብ ታደርጋለች። በእያንዳንዱ ዙር ሽንኩርቱ ግለቱን ለቅጽበት ነክቶ ይመለሳል፤ ይጠቁራል ግን አያርም። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እንዲህ ይቀጥላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው አሰልቺ መማሰል ብቻ ነው። ለምትሠራዋ ግን ጥያቄና መልስ ነው፦ ድስቱ ይናገራል፣ እሷ ትመልሳለች።

ቀጥሎ ቅባቱና በርበሬው ይገባሉ። እዚህም ዓይን የሚያነበው ምልክት አለ። በርበሬን የሚያቃጥለውም የሚያቀላውም ነገር የሚሟሟው በቅባት ነው እንጂ በውሃ አይደለም። በቅባት ውስጥ ጊዜ ያላገኘ በርበሬ ውሃ ቢጨመርበት ቀለሙም ጣዕሙም እንደታሰረ ይቀራል፤ ወጡ ‹‹ጥሬ ጥሬ›› የሚለው ያኔ ነው። የተጣደፈ ሰው ወጥ በብዛት የሚበላሸው ጨው በመብዛቱ ሳይሆን በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለሙያዋ የምትጠብቀው ቅባቱ ከቁሌቱ ተለይቶ ቀይ ሆኖ በዳር በዳር ብቅ ሲል ነው። ያን ሳታይ ዶሮዋን አታስገባም። በርበሬው ሊያር ሲልም ቤቱ በሙሉ ያስላል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ጎረቤት በአጥር ላይ ‹‹ኧረ ውሃ ጠብ አድርጊበት!›› ይላል።

መከለሻው መጨረሻ ላይ የሚገባበትም ምክንያት ከዚሁ የተያያዘ ነው። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው የያዙት መዓዛ ተናኝ ነው፤ ብዙ ሲፈላ በእንፋሎት ተሳፍሮ ይሄዳል። ቤቱ በጣም ሲያውድ ወጡ ያን ያህሉን እያጣ መሆኑን ልብ የሚል ሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ድምፁ በጆሮ፣ ቀለሙ በዓይን፣ ቅመሙ በአፍንጫ ይታወቃል። ጨው ግን ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው። ‹‹ጨው ማነሱን በሽታ አውቃለሁ›› የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ነገሩም ከንቱ አይደለም። ውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው አንዳንድ የመዓዛ ውሁዶችን እየገፋ ወደ አየር ያወጣቸዋል፤ ስለዚህ ጨው የገባበት ወጥ ሽታው በጥቂቱ ከፈት ይላል። ቢሆንም ለፋሲካ ወጥ በዚህ ብቻ መተማመን ድፍረት ነው። ቤት ውስጥ ለጾም ያልደረሰ፣ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ቀማሹ

እኛ ቤት ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

ማዕድ ቤታችን ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ በኩል ያለ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ ክፍል ነበር። እናቴ በማማሰያው ጫፍ ከወጡ ጨለፍ አድርጋ መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግና ‹‹እፍ በልበት›› ትለኛለች። እፍ እላለሁ። ‹‹በል እስቲ ጨው ቅመስልኝ።›› እልሳለሁ። እሷ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች፤ በዚያ ሰዓት ከእኔ ፊት በስተቀር የምታየው ነገር አልነበረም። ከዓመታቱ በአንዱ ‹‹ትንሽ ይቀረዋል›› አልኳት። ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ‹‹አንተ ምን ታውቃለህ›› አላለችም። ከጨው ዕቃው በሦስት ጣቷ ቆንጥራ በተነችና አማሰለች። ‹‹አሁንስ?›› አለችኝ። ‹‹አሁን ልክ ነው›› አልኳት።

ሌሊት አባቴ፣ አጎቶቼና ጎረቤቶች መሶቡን ከበው ሲበሉ እኔ እንቅልፍ እያዳፋኝ ፊታቸውን እጠብቅ ነበር። ማንም ስለ ጨው አላነሳም። ጨው ልክ ሲሆን ማንም አያነሳውም። የእናቴ ዓይን ግን ከመሶቡ ባሻገር ፈልጎ አገኘኝ።

ዛሬ ማብሰል የሚወዱ ሰዎችን ‹‹እንዴት ጀመራችሁ?›› ብዬ ስጠይቅ፣ በሆነ መንገድ ይህንኑ ታሪክ ይነግሩኛል። ስለበሉት ምግብ የሚያወሩት ጥቂት ነው። የሚያወሩት አንድ ሰው ድስት ፊት አቁሞ ‹‹አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ?›› ስላላቸው ቀን ነው። አንዷ ሊጡ ኩፍ ማለቱን እንድታይ አያቷ የላኩባትን ቀን ታስታውሳለች። ሌላው ቡና ሲቆላ ‹‹በቃ›› የማለት ሥልጣን የተሰጠው የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ፍቅሩ የጀመራቸው ዳኝነታቸው በታመነበት ቀን ነው።

የምግብ ምርጫ ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ እጅግ ቀድሞም ይጀምራል። በ2001 ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት በእርግዝና ወይም በማጥባት ወራት የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች ጠጣር ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለውን ገንፎ ከሌሎች ሕፃናት ይልቅ በደስታ ተቀብለውታል። ምላስ ገና ከማኅፀን ጀምሮ የእናቱን ማዕድ ያውቃል ማለት ነው። ይህ ግን ሰው ምን እንደሚጥመው ይነግረናል እንጂ ማማሰያ ለምን እንደሚያነሳ አይነግረንም። እጁን ሳያነሳ ዕድሜ ልኩን ጣፋጭ ሲበላ የኖረ ስንት ሰው አለ!

በሠላሳ ሰባት ዓመት

ሳያበስሉ ከሚበሉት ከነዚህ ሰዎች አንዷ ለረጅም ጊዜ አሜሪካዊቷ የምግብ ባለሙያ ጁሊያ ቻይልድ ነበረች። በ1912 ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና የተወለደችው ጁሊያ ያደገችው ሠራተኛ በሚያበስልበት ቤት ነው። ትበላ ነበር እንጂ አታበስልም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ስትሠራ በሲሎን፣ ማለትም በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ከፖል ቻይልድ ጋር ተዋወቀች፤ በ1946 ተጋቡ። በ1948 በባሏ ሥራ ምክንያት ፈረንሳይ ገቡ። ሩዋን ከተማ በቅቤ የተጠበሰ ዓሣ በላች፤ ያ ምሳ ሕይወቷን እንደለወጠው በኋላ ደጋግማ ተናግራለች።

ምሳው በሩን ከፍቶት ሊሆን ይችላል። እኔን የሚስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1949፣ በ37 ዓመቷ፣ ፓሪስ ውስጥ ‹‹ለ ኮርዶን ብሉ›› በተባለው የምግብ ሙያ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። መጀመሪያ የመደቧት ለቤት እመቤቶች በተዘጋጀ ቀላል ክፍል ነበር። አልበቃትም። ወደ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሯት ጠየቀችና ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ አሜሪካውያን ከሚማሩበት ተቀላቀለች፤ እነሱ ሙያው እንጀራቸው ሊሆን ነውና በእጃቸው ነበር የሚሠሩት። መምህራቸው ማክስ ቡኛር የሚባል፣ ዕድሜውን በማዕድ ቤት የጨረሰ ሽማግሌ ነበር። ጠዋት የተማረችውን ማታ ቤቷ ትደግመዋለች። ማዮኔዝ አልረጋ ሲላት ምክንያቱን እስክታገኝ ደጋግማ ሠርታ የተረፈውን ደፋች። የመጀመሪያውን የምረቃ ፈተና ወደቀች፤ እንደገና ተፈተነች። ከሁለት ፈረንሳውያት ጋር የጻፈችው ትልቁ መጽሐፏ በ1961 ታተመ፤ ከ1963 ጀምሮ ደግሞ በቴሌቪዥን አንድ ትውልድ አሜሪካዊ ከእሷ ሙያ ተማረ።

የጁሊያ ታሪክ ‹‹በልጅነት ያልጀመረ አይወደውም›› ለሚሉ ሰዎች መልስ ነው። አሁን በአርባ ዓመታቸው የመጀመሪያውን ሽሮ የሚያንተከትኩ ወንዶች ሲያፍሩ አያለሁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ልጅም ሆነ አዋቂ የሚያስፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ደፍቶ እንደገና የሚጀምርበት ዕድል።

የኢትዮጵያዊው ስዊድናዊ ሼፍ የማርከስ ሳሙኤልሰን መንገድ ሌላ ነው። ካሳሁን ተብሎ ኢትዮጵያ ተወለደ፤ እናቱን የሳንባ ነቀርሳ ወሰደበት። እሱንና እህቱን የጎተንበርግ ከተማ ቤተሰብ በማደጎ አሳደጋቸው። ማብሰል ያስተማረችው ስዊድናዊት አያቱ ሄልጋ ናት። ዶሮ ስትጠብስ፣ የሥጋ ድብልብል ስታድቦለቡል አጠገቧ አቆመችው፤ ሥራም ሰጠችው። ከዚያ ኒው ዮርክ ገባና በ1995 የሚመራው አኳቪት ሬስቶራንት ከኒው ዮርክ ታይምስ ሦስት ኮከብ አገኘ። የስዊድን ምግብ ሠርቶ የተመሰገነው ይህ ሰው የትውልድ አገሩን ማዕድ ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። የእናቱ ፎቶግራፍ የለውም፤ በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ እሷን የሚያስብበት መንገድ በርበሬ እንደሆነ ይነግረናል። አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በሰፌድ ላይ የምታሰጣውን፣ የምታስፈጨውን፣ እጇ የሚሸተውን በርበሬ። ያ ገጽ እኔን አስለቅሶኛል። የማያውቃት እናቱ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጋ ‹‹ጨው ቅመስልኝ›› ልትለው አልቻለችም፤ ሄልጋ ግን በሌላ ቋንቋ ብላዋለች።

ሙያ የተባለው ሸክም

አሁን ደስ የማይለውን እናንሳ፤ ይህን ያለፈ ስለ ማብሰል የሚያወራ ሰው እውነቱን በግማሽ ነው የተናገረው።

በአማርኛ አንዲት ሴት ‹‹ባለሙያ ናት›› ሲባል ምን ሙያ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወጥ ትሠራለች ማለት ነው። ‹‹ሙያ የላትም›› የሚለው ቃል ስንት ልጃገረድ አቁስሏል! ዶሮን ከአሥራ ሁለት ብልት ሳያዛንፉ መገንጠል የእጅ ጥበብ ነው፤ አማት ቆማ እየቆጠረች ሲሆን ግን ፈተና ነው። እንዲህ የተማሩ ብዙ ሴቶች እጃቸው ድንቅ ነው። ልባቸው ግን ከማዕድ ቤት ወጥቷል። ጡረታ የወጣች አንዲት ዘመዴ ልጆቿ ራሳቸውን ከቻሉ ወዲህ ዳቦና ሻይ በልታ ታድራለች፤ ‹‹አርባ ዓመት አበሰልኩ፤ አንድም ቀን ምን ልብላ ብዬ አላበሰልኩም›› አለችኝ።

ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1971 ያሳተመው ሙከራ ለዚህ ቅርብ ነው። ተማሪዎችን የሚያዝናና የመገጣጠም እንቆቅልሽ አስያዛቸው፤ ግማሾቹን እያንዳንዱን ሲፈቱ ከፈላቸው። ክፍያው ቀርቶ ብቻቸውን በተተዉበት ጊዜ፣ ተከፍሏቸው የነበሩት እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኘ። ዴሲ ከሪቻርድ ራያን ጋር በኋላ ያዳበረው ሐሳብ ሰው ሥራን ከልቡ የሚወደው ሦስት ነገር ሲያገኝ ነው ይላል፦ በራሱ ፈቃድ መሆኑን፣ እየቻለ መሄዱን፣ ከሰው ጋር መተሳሰሩን። አማት ቆማ የምትቆጥርበት ማዕድ ቤት ሁለተኛውን ይሰጥ ይሆናል። የመጀመሪያውን ግን ይገድላል።

የባሰም አለ። ቤሩት፣ ሪያድ፣ ኩዌት ሄደው ሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችን የሌላ አገር ማዕድ በወራት ውስጥ ይማራሉ፤ ሩዙን፣ የበጉን ቅመም፣ ጣፋጩን። አንዲት ጎረቤታችን ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። የምታበስለው ምግብ ስንት እንግዳ እንዳስመሰገነ ትናገራለች፤ እሷ ግን የምትበላው የተረፈውን፣ እሱንም ሲፈቀድ ነበር። ስታበስል መቅመስ ተከልክላ ነበር፤ እንደ ስርቆት ይቆጠር ነበር። ቅዳም ስዑር የማትቀምሰውን ሴትና ይህችን ሴት አስተያዩዋቸው። ሁለቱም ሳይቀምሱ ይሠራሉ። አንደኛዋ ራሷ የዘጋችውን አፍ ሌሊት ራሷ ትከፍተዋለች፤ ሌላዋን የዘጋት ሌላ ሰው ነው። ጎረቤታችን ዛሬ ቤቷ ሩዝ አታስገባም። ማንም እንዲህ ያደረጋት ማዕድ ቤት የፍቅር ቦታ ነው ብሎ ሊሰብካት አይገባም።

ከማዕድ ቤት መውጣትና መመለስ

እኔ ራሴ ሰባት ዓመቴን ስይዝ ከሥራዬ ተባረርኩ። ጾም ጀመርኩ፤ መቅመስ ቀረ። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ስቆምም ‹‹ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይጎልትሃል? ሂድ ኳስህን ተጫወት›› መባል መጣ። ቀስ በቀስ እኔም አመንኩት። እህቶቼ ሽንኩርት ሲከትፉ እኔ ሳሎን ነበርኩ።

የተመለስኩት በችግር ነው። ሥራ ስጀምር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን፤ ያለችን አንዲት ቡታጋዝ፣ አንድ ድስት፣ ግማሽ ኩንታል ድንችና እናቴ የላከችው ምጥን ሽሮ ነበር። የመጀመሪያውን ሽሮ የፈላ ውሃ ላይ ዝርግፍ አደረግኩት፤ ተጓጎለ። ለምን እንደሚጓጎል የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፦ ዱቄቱ ድንገት ከፈላ ውሃ ጋር ሲገናኝ የውጭው ሽፋን ወዲያው በስሎ እንደ ሙጫ ይዘጋል፤ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመር ወይም እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ መነስነስ ነው መፍትሔው። ያን ቀን ግን ጓደኞቼ እንክብሉን እየለቀሙ በሉት፤ ጥለው አልሄዱም። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛው ‹‹ዛሬ ሽሮው አናገረኝ›› አለ። ያቺን ቃል ይኸው እስከዛሬ ይዣታለሁ።

እንዲህ በችግር ወደ ማዕድ ቤት የገቡ ኢትዮጵያውያን ወንዶች ብዙ ናቸው። ከአብዮቱ በኋላ በስደት አሜሪካና አውሮፓ የገቡት ጤፍ በሌለበት አገር በየሱፐርማርኬቱ ያገኙትን ዱቄት እየቀላቀሉ እንጀራ ለማውጣት ታግለዋል። ዓይን አልወጣ ይላል፣ ምጣዱ ይይዛል፣ እርሾው ይሞታል። በኋላ ዋሽንግተንና አካባቢዋ በሐበሻ ምግብ ቤት ሲሞሉ፣ ከኋላ ማዕድ ቤት ውስጥ አገር ቤት እያለ ውሃ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ ወንድ ማየት ብርቅ አልነበረም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ያክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ዶሮ ወጥ የሠራው በስልክ ካርድ ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ሆና ‹‹ሽንኩርቱ ምን መሰለ?›› ትለዋለች፤ ‹‹እኔ ምን አውቅልሻለሁ እማዬ፣ ሽንኩርት ይመስላል›› ይላታል። በመጨረሻ ‹‹ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጋልኝ›› አለችው። አስጠጋ። ከውቅያኖስ ማዶ ሰማችው። ‹‹ገና ነው፤ ውሃ አለው። ሲቀጥን ጥራኝ።›› ካርዱ አለቀ። ሲቀጥን ግን ራሱ ሰማው።

እናቴ አሁን ሰማንያ ልትሞላ ነው። ሽታ ከከዳት ቆይቷል፤ በዕድሜ መግፋት ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ጉልበቷም ድስት ላይ አያቆማትም። ካለፉት አራት ፋሲካዎች ወዲህ ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እኔም ጾመኛ ነኝ፣ አልቀምስም። እሷ ሳሎን፣ ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ፣ ነጠላዋን ተከናንባ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ትቀመጣለች። አምና ቁሌቱን ትቼ ዶሮዋን ሳጥብ ድምጿ በበሩ በኩል መጣ።

‹‹ልጄ፣ ሽንኩርቱ ውሃ ጠማው።››

ቀና ብዬ አዳመጥኩ። ድስቱ ችስስ ይላል። በጭልፋ ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ከሳሎን ሌላ ቃል አልመጣም፤ መቁጠሪያው ብቻ ይሰማ ነበር።